የተገጨ እግረኛ የሕክምና ሒሳብ ከማን ኪስ ይወጣል?



በዚህ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ስለ መንገድ አደጋ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ነጂዎች ዝግ ብለው እንዲነዱ፥ እግረኞችም ግራና ቀኝ አይተው እንዲሻገሩ ያልመከረ ጸሐፊ የለም። ምክሩ መልካም ነው፤ በዛ አይባልም። ነገር ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ፥ የተገጨውም ሰው ከአስፋልት ላይ ተነሥቶ ሐኪም ቤት ከገባ በኋላ፥ የካርዱ፥ የራጁ፥ የመድኃኒቱና የአልጋው ሒሳብ በማን እንደሚከፈል ገልጦ የጻፈ ሰው እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ ጥቂት አሳብ እንዳቀርብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው ሐዋሳ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፥ መንገዷም ሰፋፊ የሆነ ከተማ ናት። ለእግረኛ ትመቻለች፤ ለባጃጅም እንዲሁ ትመቻለች፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። በእኛ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጧት ከሁለት ሰዓት በፊት ብቅ ያለ ሰው ሠራተኛው ወደ ሥራው፥ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ነጋዴዋም ወደ ገበያ በእግር ሲጎርፉ ያያል። ባጃጁ፥ ሳይክሉና ሞተር ብስክሌቱ በመካከላቸው ይሾልካል። በዚህ ላይ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ መጥቶ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው ከባድ መኪና ከተማችንን ሳይረግጥ አያልፍም። እግረኛ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ቀን ቢነካ የሚገርም አይደለም። የሚገርመው ከተነካ በኋላ የሚሆነው ነው።

የሚሆነውን እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በደንብ እናውቀዋለን። አንድ ወረቀት በየቢሮው ይዞራል። በራሱ ላይ የተጎጂው ስም፥ ከሥሩ የእኛ ስም በተራ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በስማችን ፊት ለፊት የብሩ ልክና ፊርማ ይሞላበታል። የመምሪያው ኃላፊ ከላይ ብዙ ስለሚጽፉ ከሥር ያለው ጸሐፊ ትንሽ ለመጻፍ ያፍራል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ወረቀቱ ቀርቶ በቴሌብር ላክ ይባላል። እድሩም የበኩሉን ይሰጣል፤ ዕቁብተኛውም ዕጣውን ለተጎጂው ቤተ ሰብ ይለቅቃል። ይህ ሁሉ የአገራችን ደግ ልማድ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። እንዲያውም ብዙ ነፍስ ያተረፈ ልማድ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ያ ሰው የተገጨው በመኪና ነው። መኪናው በሕግ መድን ሳይገባ መንገድ ላይ ሊወጣ አይችልም፤ ባለንብረቱም የመድኑን ዓረቦን በየዓመቱ ከፍሏል። እንግዲያውስ እኛ ከወር ደመወዛችን ቆርጠን የምናዋጣው ገንዘብ አስቀድሞ የተከፈለበትን ዕዳ እንደገና መክፈል አይደለምን? ለዘመድ ያዋጣን ይመስለናል እንጂ ለመድን ድርጅቱና ለባለመኪናው ነው ያዋጣነው።

ሕጉ ምን እንደሚል በአጭሩ ላስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን ሌላ ሰው ይዞት የነበረ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ባለቤቱ ጥፋት አድርጓል አላደረገም ተብሎ አይመረመርም። የተጎጂው የራሱ ጥፋት ካለበት ካሣው ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል እንጂ፥ መነሻው የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው። ይህ ሕግ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፥ ዛሬም በየመንገዱ «እግረኛው ነው የገባበት» ብሎ ጉዳዩን የሚዘጋ ሰው አይታጣም።

ከዚህ በኋላ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559፥ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 799 ወጥተው ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው አስገደዱ። የ2005ቱ አዋጅ በተለይ ለእኛ ጉዳይ የሚሆን ትልቅ ነገር አለው። ይኸውም በመኪና አደጋ የተጎዳ ማንም ሰው የአስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው፥ ማንኛውም የጤና ተቋም የመንግሥትም ሆነ የግል ይህንን ሕክምና የመስጠት ግዴታ እንዳለበት፥ ሒሳቡም፥ አዋጁ በወጣ ጊዜ እስከ 2,000 ብር ድረስ፥ ከመድን ሰጪው እንደሚጠየቅ ደንግጓል። መኪናው መድን የሌለው ከሆነ ወይም ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ ከሆነ ደግሞ ወጪውን የሚሸፍን የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። አምልጦ የሄደን መኪና ዕዳ የሚከፍል መንግሥታዊ ሣጥን አለ ማለት ነው። ይህን ከመሥሪያ ቤቴ ባልደረቦች ውስጥ ስንቱ ያውቅ እንደ ሆነ ጠይቄ ነበር፤ ከሰባቱ የሰማው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም የሕግ ክፍል ሠራተኛ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይከነክነኛል። ያው የ2005ቱ አዋጅ ለአካል ጉዳት የሚከፈለውን ካሣ ቢበዛ 40,000 ብር፥ ለንብረት ጉዳት የሚከፈለውን ደግሞ ቢበዛ 100,000 ብር አድርጎ ነበር። የአንድ ሰው እግር ከአንድ መኪና የፊት መስተዋትና ሞተር ያነሰ ተገምቶ ነበር ማለት ነው። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሎ ከፍ ብሏል፤ መልካም ነው። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ውስጥ ግን ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ1952 ዓ.ም. ተወስኖ ነበር። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ምን ያህል እንደ ነበረ አባቶቻችን ይነግሩናል፤ በዛሬ ገበያ ግን ለአንድ ቤተ ሰብ የአስቤዛ ወጪ እንኳ አይበቃም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሕጉ ይህን ያህል ካለ ወረቀቱ ለምን በየቢሮው ይዞራል?

በበኩሌ ምክንያቱ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይመስለኝም። የገንዘቡ አመጣጥ ነው። ከአስቸኳይ ሕክምናው በኋላ ያለው ወጪ፥ ይኸውም ቀዶ ሕክምናው፥ ብረት ማስገባቱ፥ ተመላልሶ መታየቱ፥ መድኃኒቱ፥ የሚከፈለው በተመላሽ ነው። ተጎጂው መጀመሪያ ከኪሱ ያወጣል፤ ደረሰኝ ይሰበስባል፤ የትራፊክ ፖሊሱን ማስረጃ ያያይዛል፤ ከዚያ መድን ድርጅቱ መርምሮ ይመልስለታል። ገንዘብ ላለው ሰው ይህ ደግ ነው። ገንዘብ የሌለው ግን መጀመሪያ ያላወጣውን ገንዘብ ማን ይመልስለታል? ባልተገዛ መድኃኒት ደረሰኝ አይገኝም። ስለዚህ ተመላሹ የሚጠቅመው ከሁሉ ይልቅ ካሣ የማያስፈልገውን ሰው ነው። ድኻው እግሩ ሳይቃና ይቀራል፤ ሳይታከም ስለ ቀረም የሚጠይቀው የሕክምና ወጪ አይኖረውም። መዝገቡ ላይ ሲታይ እንግዲህ ትንሽ ወጪ ያስወጣ ቀላል አደጋ ሆኖ ይገኛል።

በመሥሪያ ቤታችን የነበረ አንድ ተላላኪ ከሥራ ሲወጣ ባጃጅ ገጨው። የከተማውን ስም እንጂ የሐኪም ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ሰውን ለማሳጣት አልተነሣሁምና። የባጃጁ ልጅ አልሸሸም፤ ራሱ አሳፍሮ ወሰደው። ካርድ ያወጣውም፥ ራጁን ያስነሣውም፥ ለጀሶው የከፈለውም እርሱ ነው። ከሂሳብ ተቀባይዋ መስኮት ላይ ስለ መድን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ «አምጪው ማን ነው? ይክፈል» ነው የተባለው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ ባጃጁን በቀን ገቢ የሚነዳ ተከራይ መሆኑን፥ ባለንብረቱ ሌላ መሆኑን፥ ፖሊስ ጣቢያ ከታሰረ እናቱ የምትበላው እንደሌላት ነገሩን። እውነትም ነበር። ተላላኪው «ልጁ ያሳዝናል» ብሎ ተስማማ፤ «ከእንግዲህ ክስም ጥያቄም የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። በሁለተኛው ወር አጥንቱ በደንብ አልገጠመም ተባለና ቀዶ ሕክምና ታዘዘለት። ያን ጊዜ ባጃጁም ባለንብረቱም መድን ድርጅቱም ከነገሩ ውስጥ የሉም፤ የፈረመበት ወረቀት ብቻ አለ። የመዋጮው ዝርዝርም በየቢሮው መዞር ጀመረ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሽማግሌዎቹም በጎ ነገር የሠሩ ነው የመሰላቸው፤ ተላላኪውም ይቅር ማለቱ የሚያስመሰግነው ነው። ጉዳቱን ያመጣው ዕርቁና ሒሳቡ በአንድ ወረቀት ላይ መጻፋቸው ነው። ይቅርታ ለልጁ ነው፤ ገንዘቡ ግን የሚጠየቀው ከባለንብረቱና ከመድን ሰጪው ነበር። ሽማግሌ ቂምን ሊያስቀር ይችላል፤ የመድን ድርጅትን ዕዳ ግን የሚሰርዝበት ምክንያት አይታየኝም። ልጁ እንዳይታሰር መለመን ሌላ፥ የአጥንቱን ወጪ መተው ሌላ ነው። ሽማግሌዎቻችንም ይህን ልዩነት ቢይዙ ልጁንም ተጎጂውንም ያድናሉ፤ ምክንያቱም መድኑ ሲከፍል ከድኻው ነጂ ኪስ የሚወጣ ነገር እምብዛም አይኖርምና።

በተቃራኒው በኩል ያለውንም መስማት ይገባል። የሐኪም ቤት አስተዳዳሪዎች፥ «እኛ ሰጥተን እንጽፋለን፤ ገንዘቡ ግን ቶሎ አይመጣም፤ ለአንዲት ትንሽ ሒሳብ ደብዳቤ ስንጽፍና ስንከታተል ወጪው ከሒሳቡ ይበልጣል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ቀልድ አይደለም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለከተማዋ ብቻ ሳይሆን ከሲዳማ ወረዳዎችና ከአጎራባች ክልሎች ለሚመጣው ሕዝብ ሁሉ የሚያገለግል ነው፤ አዳሬ ሆስፒታልም ሥራው የበዛበት ነው። የጓንትና የፋሻ እጥረት ያለበትን ቤት «በዱቤ አክም፤ ገንዘቡን ከአዲስ አበባ ትለምናለህ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። መድን ድርጅቶችም በበኩላቸው ሐሰተኛ ደረሰኝና ያልነበረ አደጋ እየቀረበባቸው መጠንቀቅ ይገባቸዋል። ነገር ግን የእነዚህ የሁለቱ ክርክር በሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች መካከል ይለቅ እንጂ በተሰበረ ሰው አልጋ ላይ ሊካሄድ አይገባም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። እንግሊዞች በ1930 እ.ኤ.አ. የሦስተኛ ወገን መድንን በሕግ ካስገደዱ በኋላ ሐኪሞች «ከመንገድ ያነሣነውን ሰው የሚከፍልልን የለም» እያሉ ቢያማርሩ፥ በ1934 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ አውጥተው ለመጀመሪያው ዕርዳታ 12 ሽልንግ ከ6 ፔንስ የመኪናው ተጠቃሚ ለሐኪሙ እንዲከፍል አደረጉ፤ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ሳይጠየቅ ነው። ደቡብ አፍሪካ ገንዘቡን ከእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ ቆርጣ በአንድ ፈንድ ታስቀምጣለች። ኒው ዚላንድ ደግሞ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማን አጠፋ የሚለውን ክርክር ትታ ለተጎዳው ሁሉ በመንግሥት ፈንድ ትከፍላለች። የእነርሱ ፈንድም ችግር አያጣውም፤ የደቡብ አፍሪካው በዕዳ ሲጨነቅ ይሰማል። ነገር ግን ሦስቱም የጀመሩት በአንድ አሳብ ነው፤ ሐኪሙ ሲያክም የገንዘቡን ምንጭ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እኛም አሳቡን በአዋጅ ጽፈነዋል፤ የቀረው ከአዋጁ ወደ ሒሳብ ተቀባይዋ መስኮት ማውረድ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ፥ «እኔማ የጤና መድን ይመጣልኛል» ብሎ እንዳይዘናጋ አንድ ቃል ልጨምር። የደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ሥራ ላይ ይዋላል እየተባለ ብዙ ዓመት ተጠብቋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ማስፈጸሚያ ደንቡ የትራፊክ አደጋን በሌላ ሕግ የሚሸፈን ነው በሚል ከጥቅሞቹ ዝርዝር ውጪ አድርጎት ነበር። አሳቡ ትክክል ነው፤ የመኪናን ጥፋት መኪናው ይክፈል ነው። ነገር ግን ያኛው በር ከተዘጋ ይኸኛው በር በእውነት ክፍት መሆን ይኖርበታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት በየሐኪም ቤቱ የድንገተኛ ክፍል በር ላይ በአማርኛና በሲዳምኛ በትልቁ የተጻፈ ማስታወቂያ ይሰቀል። «በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ለአስቸኳይ ሕክምና ገንዘብ አይጠየቅም» የሚል። ይህ ወረቀትና ሙጫ እንጂ በጀት አይፈልግም። ሂሳብ ተቀባይዋም «አምጪው ማን ነው?» ከማለት ይልቅ «ታርጋው ስንት ነው? የመድኑ ምልክት መስተዋቱ ላይ ነበርን?» ብላ እንድትጠይቅ ትታዘዝ። ጥያቄው ሲለወጥ ከፋዩም ይለወጣል።

ቀጥሎ ከአስቸኳዩ በኋላ ላለው ሕክምና መድን ድርጅቶቹ ለሐኪም ቤቶቹ በቀጥታ የሚከፍሉበት ውል ቢኖር፥ ተጎጂው ደረሰኝ ይዞ ከመንከራተት ይድናል። አንዳንድ ድርጅት ለራሱ ሠራተኞች ይህን ዓይነት የዱቤ ሕክምና ውል ከሐኪም ቤቶች ጋር ሲዋዋል እናያለን፤ እንግዲያውስ እንግዳ ነገር አይደለም። የመድን ፈንዱም ሥራ በክልል ከተሞች ጎልቶ ቢታይ፥ ባመለጠ መኪና የተገጨች የገጠር ሴት አዲስ አበባ ድረስ እንድትሄድ አይጠበቅባትም።

ትራፊክ ፖሊሶቻችንን በሚመለከት፥ ፕላኑን በቶሎ ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን የፕላኑና የሪፖርቱ ግልባጭ ለተጎጂው ቤተ ሰብ በስንት ቀን እንደሚሰጥ የተወሰነ ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር። ያለዚያ ወረቀት የመድን ድርጅት በር አይከፈትም።

ለራሳችን ለሠራተኞችም የሚሆን አለ። ሰው ሲገጭ የምንሰበሰበው ብዙ ነን፤ ታርጋውን የሚጽፍ ግን አንድ አይገኝም። ስልክ የሌለው ሰው በሌለበት ዘመን ታርጋና የመድን ምልክት ፎቶግራፍ ማንሣት የደቂቃ ሥራ ነው። ከውጭ ፋርማሲ የተገዛውን መድኃኒት ሁሉ ደረሰኝ መቀበል፤ ሐኪሙ «ጨርሷል» ሳይል ወይም ቋሚ ጉዳት ካለ የሐኪሞች ቦርድ ሳይወስን «ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ አለመፈረም፤ የካሣ ጥያቄ በፍትሐ ብሔሩ ሕግ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበትም አለመርሳት። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የሕግ ክፍል ለባልደረባው አንዲት ማመልከቻ ቢጽፍለት ከአሥር ሰው መዋጮ ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

መዋጮው ይቅር አላልሁም። ለአስታማሚው ምግብ፥ ለልጆቹ ትምህርት፥ አባወራው ተኝቶ ሳለ ለሚጎድለው ቤት ሁሉ ይዋጣ፤ ያንን የሚከፍል መድን የለምና። ለአጥንቱ ግን ባለንብረቱና መድን ሰጪው ይጠየቁ።

በመጨረሻም በከተማችን ቅርንጫፍ ያላቸው የመድን ድርጅቶችና የመድን ፈንዱ ኃላፊዎች በዚሁ ዓምድ ላይ አንድ ነገር እንዲያስረዱን እንለምናለን። አንድ የሐዋሳ ሐኪም ቤት ዛሬ ለገባ የአደጋ ተጎጂ ሒሳቡን ጽፎ ቢልክላቸው፥ ለማን አድራሻ ይልካል፤ ከምን ከምን ማስረጃ ጋር፤ ገንዘቡስ በስንት ቀን ይደርሰዋል? መልሱን የምንጠብቅ ብዙ ነን።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ ከተማ፥ ሐዋሳ